ለቫዮሊኑ ፊት ያሰብኩት የጥድ ሳንቃ

ሰኞ

ተሰነጠቀ። ስንት ቀን የለፋሁበት የቫዮሊኑ ፊት ከጫፍ እስከ ጫፍ ለሁለት ተከፈለ። ጥፋቱ የራሴ ነው። በነሐሴ ዝናብ አልደርቅ ቢለኝ ምድጃ ዳር አቆምኩት። በርና አልጋ እየሠራ ጠጉሩ የሸበተ አናጢ እርጥብ ባሕር ዛፍ እሳት ዳር ያቆማል? እኔ አቆምኩ።

ቫዮሊን ሠርቼ አላውቅም። የማውቀው ልጄ አስቴር በስልኳ ያሳየችኝን ብቻ ነው። ጎንደር ስትማር የምትለማመድበት የትውስት ነበር፤ መልሳ ደባርቅ ገባች። መምህሯ ቀስትና ክር ሰጥቷታል። መስከረም ላይ አዲስ አበባ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ትፈተናለች፤ የራሱን መሣሪያ ያልያዘ አይፈተንም ብለዋታል። መንገዱ ከተዘጋ ሰንብቷል። እስከ መስከረም ይከፈታል እያልን ነው እንጂ አሁን ከጎንደር ቫዮሊን ቀርቶ ጣውላ የሚያመጣ መኪና የለም።

ጀርባውና ጎኑ ከዋንዛ፣ አንገቱ ከወይራ ተሠርቷል። እነሱ ደህና ናቸው። የቀረው ፊቱ ነው፤ ድምፁን የሚያወጣው ደግሞ እሱ ነው።

ማክሰኞ

ጥዱን አወጣሁት። ዳባት የአባቴ ቤት ሲፈርስ ከበሩ የነቀልኳቸው ሁለት ሰፋፊ ሳንቃዎች ናቸው። ለራሴ ሬሳ ሳጥን ብዬ ነበር ያስቀመጥኳቸው፤ የሰው ሁሉ ሳጥን ስሠራ ኖሬ የኔን ለማን ልተወው? ሚስቴ “ለሬሳህ ያልከውን?” አለችኝ። ሬሳዬ ይታገሥ አልኳት።

እንጨት እንዲህ ነው። መስመሩ ቀጥ ያለ፣ ቋጠሮ የሌለው፣ አጥንት ሆኖ የደረቀ። በጣቴ መታ ሳደርገው ይጮኻል። አስቴር ጆሮዋን ለጥፋ “አባዬ፣ ይኸው ነው” አለች። ሳቀች። ከመጣች ስትስቅ አይቻት አላውቅም ነበር።

አንደኛው ሳንቃ ላይ የቫዮሊኑን ቅርፅ በእርሳስ ሣልኩ። መጋዝ ነገ።

ረቡዕ

መጋዝ አልነካሁም። የጎረቤታችን የሞላ ሚስት ውድነሽ ምጥ ይዟታል። የመጀመሪያዋ ነው። ቀኑን ሙሉ አልሆነላትም። ጎንደር ውሰዷት ተባለ፤ በምን? ሞላ መኪና ያለውን ሰው ሁሉ ለመነ። በዚህ መንገድ ማን ይውጣ! ቃሬዛ ተዘጋጀ፣ ዝናቡ መጣ፣ ቃሬዛው ደጅ ቀረ።

አስቴር እነሱ ቤት ናት። አብረው ነው ያደጉት።

ሐሙስ

ውድነሽ ሞተች። ወንድ ልጅ ነው፤ እሱ ተርፏል።

ጩኸቱን እንደሰማሁ ምን አደረግሁ? ይህን ማንም አያነበውም፤ ልጻፈው። ሳንቃዎቹን ከሥራ ቤቱ አንስቼ ወደ ቤት አስገባሁና ከአልጋ ስር ከተትኳቸው። በዚህ ሰፈር ሰው ሲሞት መጀመሪያ የሚመጣው አናጢ ቤት ነው። እንደሚመጡ አውቅ ነበር።

ሞላ ራሱ መጣ። ሐዘንተኛ ቤቱ ይቀመጣል እንጂ እንጨት ፍለጋ አይዞርም፤ እሱ ግን መጣ። አልጋው ጫፍ ላይ አስቀመጥኩት።

“አያ ፈንታ፣ የሚሆን ጣውላ አለዎት?”

“ከየት አምጥቼ፣ ሞላ! መንገዱን እያየኸው።”

“መቃብሩ ውሃ ያቁራል” አለኝ። “በባልዲ ቢቀዱት ቢቀዱት አላልቅ አለ። ጭቃ ላይ እንዳልጥላት ብዬ ነበር።” ተነሣና “እንግዲያው በሰሌን ትሁን” ብሎ ወጣ።

ወዲያው አስቴር ገባች፤ ከራስ እስከ እግሯ ረጥባለች። “ለሞላ እንጨት የለኝም አልከው?” ብላ ጎንበስ አለችና ሳንቃውን ከአልጋው ስር ጎተተችው። እኔም ሌላውን ጫፍ ያዝኩ። ሽማግሌ ሰው ከገዛ ልጄ ጋር ሬሳ በተጋደመበት ቀን ሳንቃ እጓተታለሁ።

“ልቀቀው አባዬ።”

ለቀቅኩት።

የሳጥኑን ጎንና ጎን ከሥራ ቤቱ መደርደሪያ ነቅዬ ሠራሁ። ታቹና ክዳኑ ከጥዱ ሆነ። ለመላግ ጊዜ አልነበረም፤ የሣልኩት ቫዮሊን ክዳኑ ላይ በውስጥ በኩል እንዳለ ቀረ። ቄሶቹ እየጠበቁ ምስማር መታሁ። እንዲያም ሆኖ ሲያወርዷት ውሃው እስከ ሳጥኑ ወገብ ደረሰ።

ዓርብ

ዝናብ። አስቴር አታናግረኝም። እናቷ ምን ሆናችኋል ትላለች። ምንም።

ከሐዘን ቤት ስመለስ ያንን የተሰነጠቀ ባሕር ዛፍ በኮላ ለማጣበቅ ሞከርኩ። አይረባም፤ ምድጃ ውስጥ ጨመርኩት።

ቅዳሜ

ሰልስት። ድንኳኑ ሙሉ ሰው ነው። ሞላ ከተቀመጠበት ተነሣና “አያ ፈንታ ለልጃቸው ያሰቡትን እንጨት ሳይቀር ሰጡኝ። እግዜር ይስጥልኝ” አለ። ሽማግሌዎቹ ተቀብለው መረቁኝ። ልጅህን ለቁም ነገር ያብቃልህ አሉኝ። እኔም አሜን አልኩ። አፌን ምን ያዘው?

አስቴር ከሴቶቹ መሀል ቀና ብላ አየችኝና ወደ መሬት አቀረቀረች።

ቤት ስንገባ ነው የተናገረችው። “ንገረው። ካልነገርከው ሌላ እንጨት እንዳትፈልግ፤ አልፈተንበትም።” የእልኽ አይደለም፣ አውቃታለሁ። ያለችውን ታደርጋለች።

ሰው ፊት የመረቁኝን ምን ብዬ ልመልስ? ሞላ ምን ይለኛል? እንቅልፍ የለም።

እሑድ

ከቅዳሴ በኋላ ሄድኩ። ሞላ ሕፃኑን ታቅፎ ብቻውን ተቀምጧል። ነገር በቀጥታ መናገር ስለማይሆንልኝ ዙሪያውን ስሄድ ቆየሁና በመጨረሻ አወጣሁት። ሳንቃው ነበረኝ፣ ደብቄህ ነው፣ ያወጣችው ልጄ ናት አልኩት።

“አውቃለሁ” አለኝ።

“ማን ነገረህ?”

“ማንም አልነገረኝም። አልጋዎ ላይ ስቀመጥ የሳንቃው ጫፍ እግሬ ስር ወጥቶ ነበር።”

“ታዲያ ሰው ፊት ለምን አመሰገንከኝ?”

ሕፃኑን ከአንዱ ክንዱ ወደ ሌላው አዛወረ። “ሳጥን ውስጥ ነው የቀበርኳት” አለ። “ከዚያ በኋላ ያለውን ማሰብ አልቻልኩም፣ አያ። አይጠይቁኝ።” ከዚያ ወተት ላምጣ ብሎ ሕፃኑን እኔ እጅ ላይ አስቀምጦ ወደ ጓዳ ገባ። ሕፃኑ ክብደት የለውም። የናቱን አፍንጫ ይዟል። ሞላ እስኪመለስ ድረስ ይቅርታ የሚለውን ቃል ስፈልግ ቆየሁ፤ ሲመለስም ሳልለው ወጣሁ።

ለአስቴር እንዳለ ነገርኳት። ለረጅም ጊዜ የዋንዛውን ጀርባ በእጇ ስትዳብስ ቆየችና “አሁን እንጨት ከየት እናመጣለን?” አለችኝ።

አላውቅም አልኳት። በእውነት አላውቅም።