የችኩሎቹ ቤት

ማርች 12፣ ሐሙስ

ምስር ሠራሁ። ሴኞር ብላስ ግማሹን በሉ፣ ግማሹን ተዉት። ቀኝ እጃቸው ዛሬ ብሶበታል። ማንኪያውን ሳህኑ ጠርዝ ላይ ሲያሳርፉ ታ-ታ-ታ-ታ... "ይቅርታ ልጄ፣ ከበሮ መቺው መጣ" አሉኝ። ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚሉት። ቀልድ ይመስለኝ ነበር።

ከምሳ በኋላ እህታቸው ሴኞራ ሌዮኖር ከመንደር ደወሉ። ስልኩን ያነሳሁት እኔ ነኝ።

"አንቺ ደግሞ የማን ነሽ?"

"ኖኤሚ ነኝ። ወንድምዎን የምንከባከባቸው።"

"ስምሽን መች ጠየቅሁሽ? የማን ነሽ ነው ያልኩሽ።"

ምን ይባላል? "የማንም አይደለሁም" አልኩ። "እንዲህማ አይሆንም!" ብለው ሳቁና ወንድሜን አቅርቢልኝ አሉ።

ሳራጎሳ ከገባሁ ሦስት ዓመቴ። ከየት ነሽ ያላለኝ የለም። ከሆንዱራስ እላለሁ፣ ያበቃል። የማን ነሽ ያለኝ ግን ዛሬ ገና ነው።

ሴኞር ብላስ ስልኩን ይዘው "አይ... ዘንድሮም አይሆንም... አይ" ብቻ ይላሉ። ራት አልበሉም።

ማርች 14፣ ቅዳሜ

ነገሩን ዛሬ ነገሩኝ፣ ጢማቸውን ስላጫቸው።

መንደራቸው ቫልዴሮካ ነው። በስቅለት ዓርብ መንደርተኛው ሁሉ ከበሮውን ይዞ አደባባይ ይወጣል። እኩለ ቀን ሲደርስ ጸጥ... ሕፃን እንኳ አያለቅስም። ደወሉ ሲደወል ከንቲባው እጁን ያነሳል፣ ሦስት ሺህ ሰው በአንድ ጊዜ ይመታል። ሰዓቱን መስበር ይሉታል። ከዚያ እስከ ማግስቱ ማቆም የለም። አንድ ነገር ብቻ ነው ክልክሉ። ቀድሞ መምታት።

"ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር" አሉኝ። "ከንቲባው ባርኔጣውን ሊያስተካክል እጁን አነሳ። እኔ ምልክቱ መሰለኝ።"

መቱ! ከኋላቸው የነበረው ሁለት መቶ ሰው ተከተላቸው። ሌላው "ቁም!" ይላል፣ ግማሹ ይመታል፣ ግማሹ ይሳደባል... ሰዓቱ ተበላሸ። አባታቸው አልተቆጡም። በሕዝብ ፊት መምቻዎቹን ከእጃቸው ወሰዱና ወደ ቤት ገቡ። በቃ ይኸው ነው። በዚያው በጋ ሳራጎሳ መጥተው ፋብሪካ ተቀጠሩ። ከዚያ ወዲህ ለቀብር ካልሆነ መንደር አይሄዱም። በስቅለትማ ጭራሽ። ሃምሳ ሦስት ዓመት!

ኤውሴቢዮ የሚባል ጎረቤት "ችኩሉ" ብሎ ስም አወጣላቸው። እዚያ ደግሞ ስም ከወጣ ለቤተሰቡ በሙሉ ነው። እህትየው ችኩሏ፣ ቤቱ የችኩሎቹ ቤት... ምላጩን ይዤ ሳቅኩ።

እሳቸው አልሳቁም። "አባቴ ችኩሉ እየተባለ ሞተ። የቸኮልኩት እኔ፣ የተጠራበት እሱ።"

ሳቄን ዋጥኩት። አፈርኩ።

"መሄድ ይፈልጋሉ?"

"በዚህ እጅ?" እጃቸውን አዩት። እምቢ ግን አላሉም። ልብ ብያለሁ... እምቢ አላሉም።

ማርች 15፣ እሑድ

ልጃቸው ማሪ ሉስ ለምሳ መጣች። ለስቅለት መንደር ልውሰዳቸው ብዬ እሳቸው ባሉበት ነገርኳት፣ ከጀርባቸው ማውራት አልወድም።

"አባባ፣ እብድ ነህ? ሦስት ሺህ ሰው መሃል?" አለች። እሳቸው ዳቦ መቁረስ ቀጠሉ። ወጥ ቤት ተከትላኝ ገብታ ደግሞ "አንቺ የተቀጠርሽው በሰላም ውሎ እንዲያድር ነው፣ የወጣትነት ሕልሙን እንድትፈቺለት አይደለም" አለችኝ።

ሳህን አጠብኩ። አጥቤ ስጨርስ መልሱ መጣልኝ፤ ውሎ ማደር ብቻ ኑሮ ነው እንዴ? እሷ ግን ሄዳለች። ሁልጊዜ እንዲህ ነኝ።

ክፉ ሴት አይደለችም። እናቷ ወድቀው ነው የሞቱት። መውደቅ የሚል ቃል ስትሰማ ፊቷ ይለወጣል።

ማርች 17፣ ማክሰኞ

እንዴት እስከ ዛሬ አላየሁትም? ሴኞር ብላስ ብርቱካን ሲልጡ እጃቸው አልተንቀጠቀጠም! ልጠው ጭናቸው ላይ ሲያሳርፉት ጀመረ። ሲሠራ ደህና ነው፣ ሲያርፍ ነው የሚንቀጠቀጠው።

ስለዚህ ከበሮውን መምታት ችግር የለውም። ችግሩ ከመምታቱ በፊት ያለው ዝምታ ነው።

ማርች 18፣ ረቡዕ

ሐኪማቸውን በስልክ አገኘኋት። መሄድ ይችላል አለች። የእኩለ ቀኑን ክኒን በአንድ ሰዓት ቀደም አድርጊው፣ ቆሞ ሳይሆን ተቀምጦ ይምታ፣ ውሃ አይለየው። ሦስቱንም ጽፌ ማቀዝቀዣው ላይ ለጠፍኩ። ማሪ ሉስ ታየዋለች። ትየው።

ልምምድ ጀመርን። ትራስ ጭናቸው ላይ፣ ሁለት የእንጨት ማንኪያ። የሰፈሩ ቤተክርስቲያን እኩለ ቀን ላይ ይደውላል። ከዚያ በፊት አምስት ደቂቃ ዝም። ቀኝ እጃቸው ሳይታዘዝ አሥራ አንድ ጊዜ መታ።

"እኔ አይደለሁም፣ እሱ ነው" አሉ እጃቸውን እየገላመጡ።

ማርች 21፣ ቅዳሜ

ሰባት ጊዜ።

ማርች 24፣ ማክሰኞ

አራት ጊዜ። በአራተኛው ማንኪያውን ወረወሩት፣ የአበባ ማስቀመጫው ተሰበረ።

"የቸኮለ አፍሶ ለቀመ" አልኳቸው ስብርባሪውን እየጠረግኩ።

"ማፍሰሱንስ አፍስሻለሁ" አሉ። "መልቀሙ ነው የቀረኝ።"

ማንኪያውን ከሶፋው ሥር አወጣሁና እጃቸው ላይ መልሼ አስቀመጥኩት። "እንደገና" አልኩ።

ማርች 26፣ ሐሙስ

አገኘሁት! ቀኝ እጃቸውን በሁለት እጄ መሃል አድርጌ ስይዘው ይረጋል። ሙሉ በሙሉ አይደለም... ግን ማንኪያው ትራሱን አይነካም። ደወሉ ሲደወል እለቃለሁ። ዛሬ አንድም ጊዜ ቀድሞ አልመታም።

"ግን ሰው ሊይዝዎት ይፈቀዳል?"

ብዙ አሰቡ። "የሚከለክል ሕግ የለም። ማንም አስቦት አያውቅማ!"

ማርች 29፣ እሑድ፣ ሆሳዕና

ማሪ ሉስ የወይራ ቅጠል ይዛ መጣች። ሳትቀመጥ ነገርኳት። "ሐሙስ በአውቶቡስ እንሄዳለን። ደብቄ አልወስዳቸውም፣ ግን እወስዳቸዋለሁ።"

"ከወደቀ፣ ኖኤሚ፣ እዚህ ቤት አትመለሺም።"

"እሺ።"

እሺ ያልኩት እኔ ነኝ? ቤቴም ሥራዬም ይኸው ነው። ሴኞር ብላስ ግን ከወንበራቸው "ቲኬቱን ቁረጪ ያልኳት እኔ ነኝ" አሉ። "አሞኝ ይሆናል እንጂ አልሞትኩም፣ ማሪ ሉስ።"

በሩን ወርውራው ወጣች። ቅጠሉን ጠረጴዛው ላይ ረስታዋለች፣ በመስኮቱ ላይ አሰርኩት።

ኤፕሪል 2፣ ሐሙስ

መንገዱ ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀ። ከአውቶቡስ ስንወርድ አግዳሚ ወንበር ላይ የተደረደሩ ሴቶች ከሴኞር ብላስ ላይ ዓይናቸውን አንስተው እኔ ላይ ተከሉ።

"አንቺ የማን ነሽ?"

አፌን ስከፍት ሴኞራ ሌዮኖር ከየት መጡ ሳይባል "ከኔ ጋር ናት!" ብለው ሻንጣዬን ነጠቁኝ። ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው፣ ሻንጣ እንዴት አድርገው እንደሚይዙ!

ቤት ስንገባ የአባታቸው ከበሮ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ቆዳው አዲስ ነው። ሌዮኖር በየዓመቱ ያስቀይሩታል... ለሃምሳ ሦስት ዓመት፣ ለማይመጣ ሰው። ሴኞር ብላስ ከበሮውን በግራ እጃቸው ዳበሱት። "ሌዮኖር..." ብለው ቀሩ። እህታቸው "ብላ፣ ዓሣው ይቀዘቅዛል" አሉ።

የከበሮ መቺዎቹ ሐምራዊ ቀሚስ ልክ ሆነላቸው። ሌዮኖር ለእኔም አንድ ሰጡኝ። "በዚህ ጃኬት አደባባይ አትገቢም። ይኼ ቀጭን እያለሁ የለበስኩት ነው።" ሰፋኝ። ምን ዓይነት ቅጥነት ነው?

ከራት በፊት ኤውሴቢዮ በሩ ላይ ብቅ አለ። ከዘራውን ተደግፎ "ብላስ! ሰዓትህን አስሞልተህ መጣህ?" አለ። የሴኞር ብላስ ጆሮ ቀላ። በዚህ ዕድሜ ጆሮ ይቀላል እንዴ? ኤውሴቢዮ የሚንቀጠቀጠውን እጃቸውን አየው። ፈገግታው ጠፋ። ይሄ ሰው ነገ ዓይኑን ከዚህ እጅ ላይ አይነቅልም።

እማዬ ከአገር ቤት፣ ከቾሉቴካ ደወለች። "በስቅለት ሚስማር እንኳ አይመታም፣ አንቺ ከበሮ ልትመቺ?"

"የኔ ሥራ አለመምታት ነው፣ እማዬ" አልኳት። አልገባትም።

ኤፕሪል 3፣ ዓርብ፣ ስቅለት

ጆሮዬ አሁንም ይጮሃል። ሳልረሳው ልጻፈው።

ክኒኑን በአንድ ሰዓት አስቀድመው ዋጡ። ወንበራቸውን ከፊት ረድፍ አስቀመጥነው። ከበሮው ጭናቸው ላይ፣ እኔ በስተቀኝ ተንበርክኬ። አደባባዩ ሐምራዊ ብቻ። ኤውሴቢዮ ትይዩአችን ነበር።

ከዚያ ጸጥ። በትራስ ስንለማመድ እንዲህ አልነበረም። የሦስት ሺህ ሰው ዝምታ ይከብዳል። እጃቸው መዳፌ ውስጥ እንደተያዘ ወፍ ይፈራገጣል፣ መምቻው ቆዳውን ሊነካ ጣት የማትሞላ ቀርታዋለች። እጃቸውን ወደ ደረቴ ሳብኩት። አጥብቄ ያዝኩ... ምድር ብትገለበጥ አልለቅም አልኩ። ያሁኗ ከንቲባ ሴት ናት፤ እጇን አንገቷ ድረስ አነሳች። ሴኞር ብላስ ተስፈነጠሩ። የቀሚሷን አንገትጌ ልታስተካክል ነው! "ገና ነው" አልኳቸው፣ ድምፅ ሳላወጣ በከንፈሬ ብቻ። እሳቸውም በከንፈር "አውቃለሁ" አሉኝ።

ደወል። እጅ ተነሳ።

የሆነውን ጆሮ አይችለውም። መሬቱ ጉልበቴ ሥር ተነሳ። ደነገጥኩ። ደንግጬ ዓይኔን ጨፍኜ እጃቸውን የባሰ አጥብቄ ያዝኩ። አደባባዩ ሁሉ ይመታል፣ ሴኞር ብላስ ይታገሉኛል፣ እኔ አልለቅም!

"ልቀቂኝ እንጂ ሴትዮ! አለፈን! አለፈን እኮ!"

ለቀቅኩ። መቱ። ከሦስት ሺህ ሰው መጨረሻ የመቱት ሴኞር ብላስ ናቸው።

ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ። ሃምሳ ሦስት ዓመት ጠብቀው... በኔ ፍርሃት። ቀና ስል ኤውሴቢዮ መምቻውን ጥሎ ከበሮው ላይ ተደፍቶ ይስቃል። እንባው ይወርዳል። እየተንገዳገደ መጥቶ በሴኞር ብላስ ጆሮ ጮኸ፦ "ያኔ ከሁሉ ቀድመህ፣ ዛሬ ከሁሉ ኋላ! አንድ ቀን እንኳ ከሰው እኩል አትመታም አንተ?" ሴኞር ብላስም ሳቁ። እየመቱ፣ እያለቀሱ፣ እየሳቁ። ኤውሴቢዮ ከበሮውን አምጥቶ ጎናቸው ቆመ። እኩል መቱ።

እጃቸው ሲመታ አንዴም አልተንቀጠቀጠም። ጣታቸው ተልጦ ደማ። ጠቀለልኩላቸው። "አሁን ለቀምኩ" አሉኝ።

ማታ ሴኞራ ሌዮኖር በወተት የተነከረ የተጠበሰ ዳቦ ከፊቴ አስቀምጠው "ብዪ፣ አርፋጇ" አሉኝ። ስም ወጣልኝ ማለት ነው።

ኤፕሪል 4፣ ቅዳሜ

ማሪ ሉስ ረፋዱ ላይ በመኪና ደረሰች። አባቷን ከእግር እስከ ራስ አየቻቸው። "ወደቀ?"

"አልወደቁም።"

የተጠቀለለውን ጣት አየች። "ማን ነው ያሰረው?"

"እኔ።"

"ላልቷል" አለች። ፈታችና እንደገና አሰረችው። ረጅም ጊዜ ወሰደባት። ጨርሳ፣ ቀና ሳትል "ሰኞ የሐኪም ቀጠሮ አለው፣ አትርሺ" አለችኝ። አልረሳም አልኳት። አልተባረርኩም ማለት ነው።

ከበሮው ከሰዓት ይቆማል። ማሪ ሉስ በሕይወቷ አይታው አታውቅም፣ አንዴ እንኳ። የመጨረሻውን ልንሰማ ሦስታችንም ወጣን። አግዳሚው ላይ ያሉት ሴቶች የከተማ ጫማዋን ሲያዩ አቆሟት።

"አንቺ የማን ነሽ?"

"እ... ማሪ ሉስ እባላለሁ... ከሳራጎሳ..."

"ስምሽን ማን ጠየቀሽ?"

ማሪ ሉስ ዞራ አየችኝ። እንዲህ ጠፍቶባት አይቻት አላውቅም።

"የኛ ናት" አልኩ። "የችኩሎቹ። የብላስ ልጅ።"

"እንዲያ በይን እንጂ! በአገጯ ማወቅ ነበረብን!" አሉና ሳቁ። ማሪ ሉስም ሳቀች፣ ዓይኗን እየጠረገች። የአባቷን ክንድ ልትይዝ እጇን ዘረጋች።

ሴኞር ብላስ ግን እዚያ የሉም። ከዘራቸውን ይዘው ቀድመውን ሄደዋል፣ ድምፁ ሳያልቅ ለመድረስ እየቸኮሉ።