«አልሀምዱሊላህ» ብዬ ስላመለጡኝ ጥርሶች

ለተከበሩ ዶክተር ሄኖክ፣
በወልድያ የጥርስ ተከላና የአፍ ቀዶ ሕክምና ጥናት ቡድን መሪ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ፣ የቤተሰብዎ ጤና፣ በተለይም የመንጋጋዎ ጤና እንዴት ሰንብቷል እያልኩ ከመርሳ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። አላህ ዕድሜዎን ያርዝምልዎ፤ ጥርስዎንም አንድም ሳይጎድል እስከ ዕድሜዎ መጨረሻ በጀመዓ ያቆይልዎ።

እኔ ኡበይደላ አማን እባላለሁ። በሀብሩ ወረዳ ማሽላና ሽንኩርት የማመርት ገበሬ፣ በሰፈራችን ደግሞ ለሰርግም ለሐዘንም ዝናብ ሲጠፋም ዱዓ የማደርግ ሰው ነኝ፤ ወይም ነበርኩ። የፊት ጥርሶቼ በድድ በሽታ ተራ በተራ ተሰናብተውኛል። ይህን ደብዳቤ ለሁሉ ግልጽ ያደረግሁት እርስዎን ለማሳጣት እንዳይመስልዎ፤ የእኔ አፍ ጉዳይ ከእርስዎ ቢሮ ቀድሞ በመርሳ ገበያ የታወቀ ስለሆነ፣ በምሥጢር መጻፉ ለፖስታው ድካም ብቻ ነው ብዬ ነው።

የምጽፈውም ሰሞኑን ከቢሮዎ በስልክ ስለደረሰኝ ግብዣ ነው። «የማነጻጸሪያ ቡድን» በሚባለው፣ ምንም ያልተደረገላቸው ሰዎች በሚገኙበት ክፍል እንድገባ፣ ድዴም በየጊዜው ፎቶና ራጅ እየተነሣ ጥርስ ከተተከለላቸው ሰዎች፣ ማለትም ከጎረቤቴ ከሚስባህ አፍ ጋር እንዲተያይ ተጠይቄአለሁ። ስለተሰጠኝ ክብር አመሰግናለሁ። ምንም ሳይደረግልኝ መኖሬ ለሳይንስ ይህን ያህል እንደሚጠቅም ቀደም ብሎ የነገረኝ ቢኖር ኖሮ፣ የመንገዳችንና የመስኖ ቦያችን ነገርም ለጥናት ሲባል እንዲሁ የተተወ መሆኑን ተረድቼ በትዕግሥት እቀመጥ ነበር።

ከመስማማቴ በፊት ግን ጥቂት ቅሬታዎቼን በቁጥር አድርጌ እንዳቀርብ ይፍቀዱልኝ።

፩ኛ፦ ጥርስ የሚተከልላቸው ሰዎች ሲመረጡ ወደ ወልድያ የሄድነው ሚስባህና እኔ በአንድ ሚኒባስ፣ ጎን ለጎን ተቀምጠን ነው፤ ሁለታችንም የፊት ጥርስ አልነበረንም። ከእናንተ ዘንድ የተቀበለችን ወይዘሪት ፍሬሕይወት፣ አላህ ትዳሯን ያሳምርላትና፣ እንደ ልጅ ጎንበስ ብላ «አባባ፣ ያምዎታል?» ስትለኝ «አልሀምዱሊላህ» አልኳት። «ማኘክ ያስቸግርዎታል?» ስትለኝ «አላህ ያበላናል፣ ከዚህ የባሰ አለ» አልኳት። «ሰው ፊት መናገር ያሳፍርዎታል?» ብትለኝም «ሹክር ነው፣ ምን ጎድሎብን» ብዬ መለስኩ። የተከበሩ ዶክተር፣ በእኛ አገር ይህ ሰላምታ እንጂ መልስ አይደለም፤ ሰው ሕመሙን የሚያወጣው ጠያቂው እንደገና «እንዲያው በሞቴ፣ እውነቱን» እያለ ሲያስጨንቀው ነው። ልጅቷ ግን አንዴ ጠይቃ አመነችኝ። በዕድሜዬ እንዲህ አድርጎ ያመነኝ ሰው አላጋጠመኝምና ምስጋናዬን ያድርሱልኝ። በዚህም መሠረት ሥቃይ የሌለበት፣ ማኘክ የማይቸግረው፣ በአፉ ሁኔታ እጅግ ደስተኛ የሆነ ሰው ተብዬ በክብር ተሸኘሁ።

ሚስባህን ደግሞ እዩት። ማማረርን ከእናቱ ጡት ጋር የጠባው ሰው ነው። «እንዴት አደርክ» ያለው ሰው ከጉልበቱ ቁርጥማት ጀምሮ እስከ በሬው ማነከስ ድረስ ቆሞ ስለሚያዳምጥ፣ በሰፈራችን ብዙዎች ከሩቅ ሲያዩት መንገድ ይቀይሩ ነበር። እኛም ሹክር የማያውቅ እያልን ስንመክረው ኖረናል። ከእናንተ በር ግን «ወየው ልጄ» እያለ ገባ፤ ስለ ድዱ፣ ስለ ወገቡ፣ እንቅልፍ ስለማጣቱ፣ አልፎም ስለ ክፉ ጎረቤቱ፣ ማለትም ስለ እኔ፣ ሁሉን ዘርዝሮላት ወጣ፤ ተመረጠም። ማማረር ጥርስ እንደሚያበቅል ባውቅ ኖሮ እኔም አልሰንፍም ነበር። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ብለው እንደሚመልሱልኝ አውቃለሁ። እኔ ግን ምንም አልደበቅሁም፤ ልጅቷ ፊት የተቀመጥኩት አፌን ከፍቼ ነው።

፪ኛ፦ በሚስባህ መንጋጋ አጥንት ውስጥ ብሎን የመሰለ ብረት ተክላችሁ፣ አጥንቱ ብረቱን አጥብቆ እስኪይዘው ወራት ጠብቃችሁ፣ በላዩ ላይ የሠራችሁለት ጥርስ እጅግ ያማረ ነው። ቅሬታዬም ይኸው ነው። ትንሽ አጣማችሁ ብትሠሩት፣ ወይም ከፊቱ ዕድሜ ጋር እንዲስማማ ጥቂት ብታወይቡት ምን ነበረበት? ከዚያ ወዲህ ሚስባህ ማማረሩን ትቶ ሰላም ላለው ሁሉ ይስቃል። ድሮ ሲስቅ በፎጣው ጫፍ አፉን ይሸፍን ነበር፤ አሁን ፎጣው ትከሻው ላይ ዋለ። ሸንኮራ በጥርሱ ይልጣል። ባለፈው የእሸት ወራት አጥሬ ሥር ቆሞ የበቆሎ እሸት ከቆረቆንዳው ላይ እየጋጠ ስለ ዝናቡ ሲያጫውተኝ፣ እኔ ሚስቴ ዘሀራ ፈልፍላና ወቅጣ የሰጠችኝን በማንኪያ እበላ ነበር። ሊያበሽቀኝ ነው ብዬ ነበር፤ ሊያበሽቀኝ አለመሆኑን ሳውቅ ይበልጥ በሸቅሁ።

ነገሩን ላሳጥርልዎና፣ እቀናለሁ። ሐሰድ የሚባለው ነገር ሰውን ከውስጥ እንዴት እንደሚበላ ለወጣቶች የምመክረው እኔው ነበርኩ፤ ምክሩም ቢሆን አሁን በወጉ አይወጣልኝም።

፫ኛ፦ ስለ ማነጻጸር ከሆነ፣ ሚስባህና እኔ ከልጅነታችን ጀምሮ በማሳ፣ በበሬ፣ በልጅ ጨዋነት፣ በቁርዓን አቀራር ስንነጻጸር የኖርን ነን። ራጅ ብቻ ነበር የቀረን፤ እሱንም ስላሟላችሁልን እግዜር ይስጥልኝ።

፬ኛ፦ ይህኛውን ቀልድ አልቀላቅልበትም ብዬ ነበር፤ ከቻልኩ። ጥርስ የሌለው ሰው ዱዓ ሲያደርግ ነፋስ ይበዛበታል። ልመናው የት ላይ እንዳለቀ ስለማይለይ ሕዝቡ አንዳንዴ ሳልጨርስ «አሚን» ይለኛል። ግራና በምትባለው ጎረቤት ቀበሌ በነበረ ሰርግ ሙሽሮቹን እየመረቅሁ ሳለሁ ሰው አሚን ብሎ ወደ ምግቡ ተነሣ፤ የልጆችን ነገር ገና አልደረስኩበትም ነበር። ሙሽሮቹ እስካሁን አልወለዱም፤ ቤተሰቡም በክፉ ዓይን ያየኝ ጀምሯል።

አሁን ደግሞ ልጄ ሉብና ማሽላው ከተሰበሰበ በኋላ ኒካሕ ታስራለች። የልጁ ወገኖች ከሲሪንቃ የላኳቸው ሽማግሎች ቤቴ ተቀምጠው፣ እርስዎም ሊያደንቁት በሚገባ ትሕትና፣ «የዕለቱን ዱዓ ጋሽ ሚስባህ ቢያደርጉልን» አሉ። ውሃ ልታቀርብ የገባችውን ልጄን ቀና ብዬ አየኋት። «አባቴ እያለ?» ትላለች ብዬ ጠበቅሁ። ሻሿን አስተካከለች እንጂ አልተናገረችም። ዝም ያለችው እኔ እንዳላፍር መሆኑ አይጠፋኝም፤ ጨዋ ልጅ ናት። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን እህል አልወርድ ያለኝ ጥርስ በማጣት ብቻ አይደለም። እኔ ያሳደግኳትን ልጅ ሌላ ሰው፣ ያውም ሚስባህ፣ ያውም በእናንተ ጥርስ መርቆ ሊድርልኝ ነው።

ስለዚህ የተከበሩ ዶክተር፣ የምጠይቀው ቀላል ነው። በማነጻጸሪያው ቡድን መግባቴ ቀርቶ ጥርስ ከሚተከልላቸው ጋር ልግባ። ማሽላው ገና ከጉልበት አላለፈም፤ አጥንቱ ብረቱን እስኪይዝ የሚፈጀውን ወራት ሚስባህ ሳልጠይቀው በየዕለቱ ሲተርክልኝ ስለነበር አውቀዋለሁ፤ አሁን ከጀመራችሁ ለኒካሑ ይደርሳል። ይህ ከጥናታችሁ ሕግ ጋር የማይሄድ ከሆነ ደግሞ፣ ከሰው ማልቀስ ይልቅ አፉን ማየት የሚበቃው ሐኪም በወልድያ እንዳለ አድራሻውን ቢጠቁሙኝ ውለታዎን አልረሳም።

ጥናትዎ ባሕር ተሻግሮ እንዲነበብ፣ ስምዎ ከፍ እንዲል፣ ራጅ ማንሻዎም በመብራት መጥፋት እንዳይስተጓጎል እየተመኘሁ፣ ስለ ሰጡኝ ደስታና ገና ስላልሰጡኝ ጥርስ በቅድሚያ አመሰግናለሁ።

ከጥልቅ አክብሮትና ከባዶ ድድ ጋር፣
በቢሮዎ ዘንድ ችግር እንደሌለበት የተረጋገጠለት
ኡበይደላ አማን
መርሳ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ደብዳቤውን ለልጄ ሳነብላት ሚስባህ በአጥር በኩል ሰምቶ ኖሮ ገባ። ይጣላኛል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። «አንተ ማማረር አትችልበትም፤ ሰኞ አብሬህ ወልድያ እሄድና እኔ አማርርልሃለሁ። የሲሪንቃ ሰዎችንም አባቷ እያለ አይሆንም ብያቸዋለሁ፤ ባይሰማም አንተው ነህ የምትመርቃት» አለኝ። ጥርሱ አንሶ በደግነትም ቀደመኝ፤ ቅናቴም ይለቀኛል ስል ባሰበት። ለማንኛውም ሰኞ ጠዋት ይጠብቁን። ያን ጊዜ ወይዘሪት ፍሬሕይወትን ያስጨነቃት በባዶ ድዱ ነበር፤ አሁን ጥርስ ያስታጠቁት እርስዎ ነዎት።