በጥቁር ቀለም የተጻፈው ስም

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ ለመሪጌታ ወልደአረጋይ፣ አረርቲ። እንደ ምን ሰነበቱ ጋሼ? የአገሩ ሙቀት አልጎዳዎትም? እኔ የአንኮበር ብርድ ቢቆነጥጠኝም፣ ተመስገን፣ እጄ ብዕር ይይዛል።

ስለ እኔ የሰሙት እውነት ነው። ከልቤ አፍልቄ የጻፍሁትን የሸክላ ሠሪዋን ታሪክ የደብራችን አለቃ «ገድል አይደል፣ ተአምር አይደል፣ ውሸት ነው» ብለው መለሱልኝ። «ጌታችንስ ስለ ጠፋችው በግ ሲያስተምር የባለቤቷን ስም መቼ ነገረን?» ብላቸው፣ ብራናውን ገለጡና የእመቤታችን ስም በቀይ ፈንታ በጥቁር መጻፉን አሳዩኝ። ሠላሳ ዓመት ስሟን በቀይ የጻፍሁ ሰው! ደሜ ፈላ። «አውቄ ነው! ሸክላ ሠሪዋ የጠራቻት በጭቃ እጇ ነው» አልሁና ወጣሁ። አመፀኛ ይበሉኝ፤ እሱ ይሻለኛል።

ይኸው ሁለተኛውን ታሪክ ጀምሬያለሁ። ማንም አያስተወኝም። እኩለ ቀን ላይ ደጃፌ ተቀምጬ እጽፋለሁ። ጣቴ እንዲከተለው መስመሩን በወስፌ ጠለቅ አድርጌ አሰምራለሁ። ባለቤቴ አስካለማርያም ከጥቁሩ በእጄ እንድለየው በቀዩ ቀለም መያዣ ቀንድ ላይ ክር አስራልኛለች። የዚህ ደብዳቤ ፊደል መተለቁን አይተው አይሳቁብኝ፤ ብራና ተርፎኝ ነው።

ለጥምቀት ሲመጡ ግን ከአጥሩ በር ላይ ሆነው በስሜ ይጥሩኝ። ድምፅዎን አስቀድሜ መስማት ናፍቆኝ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለውም።

እግዜር በጤና ያገናኘን። በጸሎትዎ አይርሱኝ።

ወንድምዎ ወልደተንሣኤ፣ አንኮበር።