«ክትትል አቋርጧል» ከተባለው ታካሚ፣ ለውስጥ ደዌ ሕክምና ክፍል ኃላፊ

ለተከበሩ የክፍሉ ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የአክብሮት ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ እርስዎም ቤተሰብዎም በመልካም ጤንነት እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ፤ የእኔን ጤና በተመለከተ ግን የእርስዎ ክፍል ከእኔ ይልቅ ስለሚያውቅ ዝርዝሩን ለእናንተው ትቼዋለሁ። እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት በንብረት ክፍል ያገለገልኩ ጡረተኛ ስሆን፣ ላለፉት ስድስት ዓመታት እናንተ ዘንድ የልብ ድካም ክትትል ሳደርግ ቆይቻለሁ። ቅሬታዎቼ ጥቂት ናቸው፤ ጊዜዎን ስለማባክን አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

1ኛ. ሦስት ሐሙስ በተከታታይ ለቀጠሮዬ መጥቼ፣ የካርድ ክፍሏ ሠራተኛ ካርዴ እንደጠፋ በትሕትና ነግራ መልሳኛለች። ካርድ ከሌለ ሐኪም አያየኝም፣ ሐኪም ካላየኝ ማዘዣ የለም። ስለዚህ ክኒኔን በቢላ እየከፈልኩ ግማሽ ግማሹን መዋጥ ጀምሬአለሁ። እግሬ አብጦ ጫማ አልገባ ከማለቱ በቀር ስላስለመዳችሁኝ ቁጠባ አመሰግናለሁ።

2ኛ. ሦስተኛው ሐሙስ የምርምር ቀናችሁ ነበርና፣ ባዶ እጄን ስመለስ ኮሪደሩ ላይ ከተለጠፉት ጥናቶች አንዱን ቆሜ አነበብኩ። በካርዳቸው ላይ እንደታየው ከመቶ የልብ ታካሚዎች ሠላሳ ስምንቱ ክትትላቸውን ያቋርጣሉ፣ ምክንያቱም የግንዛቤ ማነስ ነው ይላል። ያጠናው ወጣት ሬዚደንት ሐኪም እዚያው ቆሞ ስለነበር ካርዶቹን ከየት እንዳገኘ ጠየቅሁት። ከካርድ ክፍል አውጥቶ ቁም ሣጥኑ ውስጥ እንደቆለፈባቸው አልደበቀኝም። ስሜን ነግሬው ዝርዝሩን ሲያይ ቆየና፣ ቀና ሳይል «አባባ፣ እርስዎም ካቋረጡት ውስጥ ነዎት» አለኝ።

እንግዲህ ነገሩ እንዲህ ነው፦ ካርዳችን እሱ ዘንድ ስለተቆለፈበት ተመለስን፤ ስለተመለስን ካርዳችን ላይ ምንም አልተጻፈም፤ ስላልተጻፈ አቋረጡ ተባልን። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይኸው ነው።

3ኛ. በልጁ አልተቀየምኩም፤ አሳዝኖኛል። ቀን ከዋርድ ዋርድ ሲሮጥ ይውላል፣ ምርምሩን ካልጨረሰ ደግሞ አይመረቅም። ከሥራ ሲወጣ ካርድ ክፍሉ ተዘግቶ ይጠብቀዋል፤ ክፍት ቢሆንም ቁጭ ብሎ የሚያነብበት ወንበር የለም። የምርምር አማካሪው ጽሑፉን የተመለከቱት የራሳቸው ስም ከፊት መስፈሩን ለማረጋገጥ ብቻ እንደሆነ ሰምቻለሁ። ካርዶቹ የት ከረሙ ብለው አንዲት ጥያቄ ቢጠይቁት ኖሮ ልጁም ይማር፣ እኛም እንታከም ነበር። በእኔ መጋዘን መጥረጊያ እንኳ ያለ ፊርማ አይወጣም ነበር፤ መቼም መጥረጊያ ከሰው ልብ የበለጠ ጥንቃቄ ይሻል።

ልመናዬ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ወንበርና አንድ የመውጫ መዝገብ ለካርድ ክፍሉ እንዲፈቀድ ነው። ለሳይንስ እድገት ስለምትደክሙ ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

ክትትሉን ባቋረጠ በሳምንቱ፣ በሁለት ሳምንቱና በሦስት ሳምንቱ ደጃችሁ የተገኘው፣
ታዛዥ ታካሚዎ

ማስታወሻ፦ ካርዶቻችን አሁን ወደ ሌላ ሬዚደንት ቁም ሣጥን እንደተዛወሩ፣ የአዲሱ ጥናት ርእስም «ታካሚዎች ክትትል ለምን ያቋርጣሉ?» እንደሆነ፣ አጥኚውም ቤት ለቤት እየዞረ እንደሚጠይቀን ሰማሁ። በደስታ እቀበለዋለሁ። ብቻ ቶሎ ብሎ ቢመጣ መልካም ነው፤ የቀረኝ ስድስት ግማሽ ክኒን ነው፣ ከዚያ ወዲያ ከዘገየ መልሱን የምትሰጠው ባለቤቴ ትሆናለች።