የሥሩ ዱቄት

ውድ እማዬ፣ በናፍቆት ሰላም ልልሽ ነበር፤ ግን ተቀይሜሻለሁ።

ከተለየሽኝ ዓመት ከሁለት ወር ሆነ። እዚህ በሰው አገር፣ ኤስኲሊኖ ሰፈር ያለው ቤታችን ብዙም አልተለወጠም፤ አልጋሽን ለጎረቤት ሰጥቼ በቦታው ጠረጴዛ አስገባሁ። ለሚጥለኝ በሽታ በማር ለውሰሽ ታጎርሺኝ የነበረው የሥሩ ዱቄት ግን ሊያልቅ ነው። ካለቀ እንደ ልጅነቴ መንገድ ላይ ወድቄ አረፋ ልደፍቅ ነው ብዬ ፈራሁ። የሥሩን ስም ደግሞ አንቺም፣ ከጎንደር የምትልክልሽ አክስቴም አልነገራችሁኝም። ስሙ ከተጠራ፣ ሲወቀጥም ዓይን ካየው ይረክሳል እያልሽ የወጥ ቤቱን በር ትዘጊብኝ ነበር።

ስለዚህ ሥሩ ምን እንደሆነ እንዲለዩልኝ ዩኒቨርሲቲ ሄድኩ። እዚያ አንዲት ዶክተር የባህል መድኃኒት ዕፅዋት ያረጋጉ፣ የሚጥል በሽታንም ያስታግሱ እንደሆነ በአይጦች ላይ ትሞክራለች። ፈገግታዋ አላማረኝም። የእናቴን ሥር በራሷ ስም ልታስመዘግብ ነው ብዬ ሦስት ማንኪያ ብቻ ሰጠኋት፤ የቀረውን ደበቅኩ።

ከወር በኋላ አስጠራችኝ። አይጦቹ ተረጋግተዋል፤ ግን ዱቄቱ ውስጥ ከፋርማቺያ የሚገዛ ክኒን ተፈጭቶ ተገኝቷል አለችኝ። ቀይራችሁብኛል ብዬ ጮህኩባት! አክስቴ ከጎንደር ከላከችው፣ አንቺ ሳትወቅጪው ከቀረው ጥቂት ሥር ወስጄ፣ እዚያው ቆሜ አስፈጨሁ። እሱን የቀመሱት አይጦች እንደ ወትሮው ተንፈራገጡ።

ያን ቀን እስከ ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ በእግሬ ሄድኩ፣ አሁን ደግሞ አንቺን እየጠረጠርኩ። በአሥራ ስድስት ዓመቴ፣ በሽተኛ አይደለሁም ብዬ የሐኪሙን ክኒን ሽንት ቤት ስደፋው ምነው አልተቆጣሽኝም? ለደም ግፊቴ ነው እያልሽ በየወሩ ፋርማቺያ የምትሄጂውስ? ሐኪምሽን ጠየቅኩት፤ ግፊት ኖሮብሽ አያውቅም። እኔ ሞኟ ደግሞ ሥሩ አዳነኝ እያልኩ ቅዱስ እስጢፋኖስ ለተሰበሰበው ሁሉ አወራ ነበር።

አንድ ጊዜ መጠርጠር ከጀመሩ ማቆሚያ የለውም። ከማረፍሽ በፊት በነበረው ወር ድካም ነው እንጂ ሕመም የለብኝም እያልሽኝ፣ ቀኑን ሙሉ በር ዘግተሽ ስትወቅጪ ዋልሽ። ለሁለት ሳምንት ብቻ ታዘጋጂልኝ የነበርሽው ሴትዮ፣ ያኔ ከዓመት በላይ የሚበቃ ወቅጠሽ አስቀመጥሽልኝ። እንደምትሞቺ ታውቂ ነበር፣ አይደል እማዬ? እሱንም ብቻሽን ዋጥሽው።

አሁን ክኒኑን ሐኪም እያዘዘልኝ፣ ራሴ በውኃ እውጣለሁ። አልወደቅኩም። በሕይወት እስካለሁ አልረሳሽም፤ የዋሸሽኝን ሁሉ አንድ ሳላስቀር አስታውስልሻለሁ።

ልጅሽ ሰብለ