ራቁታቸውን የተኙት የዘር ልጆች

ለውድ ወንድሜ ለኤውላሊዮ፣

የሲናሎዋ ፀሐይ እንዴት ይዞሃል? ወገብህስ የቲማቲም ለቀማውን ቻለው? ብራውሊያ ደህና ናት? ልጃችሁ ሲክስታ ጥርስ አወጣች? እኔ በአካል ደህና ነኝ፤ በሌላው ደህና ነኝ ብልህ ግን ውሸት ይሆንብኛል።

«የአማልክት ጸሐፊ» እያልክ የምትስቅባት እኅትህ ጉድ ሠራች። እማዬ በመሠዊያዋ ላይ በዝግባ ሣጥን የምታኖራቸውን የዘር ልጆች መቼም አትረሳቸውም፤ የበቆሎው፣ የባቄላው፣ የዱባው መንፈስ የሚያድርባቸውን፣ ከወረቀት ተቆርጠው ቀሚስና ሱሪ የለበሱትን። በማስተምርበት ዩኒቨርሲቲ ስለ አዝቴክ ሃይማኖት ለምናሳየው ኤግዚቢሽን ለምኜ ወደ ከተማ ወሰድኳቸው። ልብሳቸውን እንድቀይርላቸው፣ እንዳበላቸው፣ ከከፋቸው ጥለውን እንደሚሄዱና ዝናቡም እንደሚከተላቸው ነግራ አደራ ሰጠችኝ። ይህንኑ በመጽሐፌ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ጽፌበታለሁ። አደራውን ግን በላሁት።

የመክፈቻው ዕለት ሳልጠራት መጣች፤ አዲስ የሰፋችላቸውን ልብስ በፎጣ ጠቅልላ ይዛለች። ልጆቹ በመስታወት ውስጥ ራቁታቸውን ተንጋለዋል። የወረቀቱ አቆራረጥ በደንብ ይታይ ብዬ ልብሳቸውን ያወለቅሁት እኔው ነኝ። እጇን መስታወቱ ላይ አድርጋ በቋንቋችን ታባብላቸው ጀመር።

«አይዟችሁ፣ መጥቻለሁ። ማነው የገፈፋችሁ?»

እንግዶቹ ይሳሳቃሉ። የክፍላችን ኃላፊ ጠጋ ብሎ ሴትዮዋን አውቃት እንደሆነ ጠየቀኝ።

«ዕቃውን ያዋሱን ሴት ናቸው፤ ከመንደር ነው የመጡት» አልኩት በስፓኒሽ።

እናቴ ናት ማለት አቃተኝ፣ ወንድምዬ። ስፓኒሽ እንደምትሰማ ደግሞ አንተም ታውቃለህ። ፎጣዋን መልሳ ቋጥራ ወጣች። አፍሬ ከኋላዋ እንኳ አልሮጥኩም።

ኃላፊው እየተቆጣ፣ ኤግዚቢሽኑም ሳያልቅ፣ ሣጥኑን ይዤ ወደ ቤት መጣሁ። ዝናቡ እስካሁን አልጣለም፤ መንደሩ ዘሩን ይዞ ሰማይ ሰማይ ያያል፣ እኔን ሲያይ ፊቱን ያዞራል። እማዬ አልጮኸችብኝም። ልጆቹን አንድ በአንድ አለበሰች፣ አበላች፣ ይቅርታ ለመነቻቸው። እንደ ልማዴ ከምድጃው አጠገብ መሬት ልቀመጥ ስል ግን የእንግዳውን ወንበር በሽርጧ ጠርጋ አቀረበችልኝ።

«ዶክተር፣ እዚህ ይቀመጡ፤ ጭሱ እንዳያስቸግርዎት» አለችኝ፣ በስፓኒሽ።

ከዚያ ወዲህ በቋንቋችን አናግራኝ አታውቅም። በጥፊ ብትለኝ ይሻለኝ ነበር። አንተን ትሰማሃለችና እባክህ አስታርቀኝ። ስለ አባቶቻችን ጸሎት ስንት ዓመት አስተምሬ፣ እናቴን ይቅር በይኝ የምልበት አፍ አጣሁ።

ብራውሊያን እቀፍልኝ። ሲክስታን ጉንጯን ሳምልኝ። አብረውህ ለሚለቅሙት ለአገር ልጆችም ሰላምታዬ ይድረሳቸው። እማዬም ስጽፍልህ አይታ፣ «ለልጄ ሰላም ይበሉልኝ» ብላኛለች።

እኅትህ ኦፌሊያ
ቺኮንቴፔክ አጠገብ፣ ከእማዬ ቤት
ሰኔ 4 ቀን 1986 እ.ኤ.አ.