በእማዬ መቀነት ውስጥ ያልጮኸው ስልክ

ይድረስ ቤሩት ላለሽው ለምወድሽ ለእታለም ፍሬሕይወት።

ከእማዬ መርዶ ወዲህ እንዴት ሰነበትሽ? እህል ትቀምሻለሽ? እንቅልፍስ ይወስድሻል? እኛ ቤቱ ጭር ቢልብንም ፈጣሪ ይመስገን፣ በጤና አለን።

አርባዋን እማዬ ቤት፣ ግራና ከተማ አውጥተን ወልድያ ከተመለስሁ ሳምንቴ ነው። «እማዬ እንደተቀየመችኝ፣ ስልኬን ሳታነሣ ሞተች» እያልሽ እንደምታለቅሺ አባባ ነገሩኝ። ሳታማክሪን በማግባትሽ ተቀይማ እንደነበር አልክድም፤ ልጅሽ ሜላት የተወለደች ቀን ግን ቂሙ ለቀቃት። ስልክሽ ያልደረሳት በእኔ ጥፋት ነው። ኔትወርክ ነው ያልሁሽ ውሸቴን ነበር።

እዚህ ስልክ መጠገኛዬ ውስጥ ከወረቀት የማይወፍር አንቴና ለመሥራት ስንት ጊዜ እንደደከምሁ ታውቂያለሽ። ስስ መዳብ በሚሊ ሜትር እየለካሁ ቆርጬ ከእማዬ ስልክ ክዳን ውስጥ ለጠፍሁት። ጠረጴዛ ላይ አድርጌ ስሞክረው ሲግናሉ ሞላ። ተኩራራሁ። ከእንግዲህ የፍሬ ድምፅ አይቆራረጥብሽም ብያት ከግራና ወደዚህ ተመለስሁ።

መቀነቷን ረሳሁት። ስልኳን ከመቀነቷ ሥር እንጂ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ አታውቅም። እንዲህ ያለ ስስ አንቴና ደግሞ ገላ ላይ ሲጣበቅ ልኩ ይዛባል፣ ሲግናሉም ይጠፋል። ይህንን ዩኒቨርሲቲ ተምሬ ተፈትኜበታለሁ። በድሮው አንቴና ግን ስልኩ እየተቆራረጠም ቢሆን ወገቧ ላይ ይጮህ ነበር።

ታማ በተኛችባቸው ሦስት ቀናት ያስታመመቻት ጎረቤታችን ናጅዋ ነች። የእማዬ ጆሮ ስለደከመ፣ ስልኩ ሲንቀጠቀጥ በገላዋ እንዲሰማት መቀነቷን አጥብቃ ታስር ነበር አለችኝ። ራስጌሽ ላኑርልሽ ብትላት፣ «ተይው ናጅዋ፣ ልጄ ስትደውል እንዳያመልጠኝ» አለቻት። ባጠበቀችው ቁጥር ይበልጥ አፈነችው።

ሞቷን ሰምቼ በደረስሁ ጊዜ፣ ሴቶቹ ሊገንዟት መቀነቷን ሲፈቱ ስልኩን መስኮቱ ላይ አኖሩት። ያን ጊዜ አንቺ መደወልሽን የሚናገሩ መልእክቶች ተከታትለው ገቡ። አሥራ አንድ ነበሩ። እዚያው ቆሜ ቆጠርኋቸው።

አንቴናውን እንደገና ሠርቼዋለሁ። በዚህኛው ጊዜ መቀነቷን ታጥቄ በራሴ ወገብ ላይ ነው የለካሁት። አሁን ይጮኻል። ለእማዬ ግን ምን ያደርግላታል?

ባለቤትሽን ሰለሞንን በርታ በይልኝ፤ ሜላትን ሁለት ጉንጯን ሳሚልኝ፣ አንዱን በእማዬ ስም። አባባ ግንባርሽን ስመው ማርያም ትጠብቅሽ ብለውሻል፤ ናጅዋም አላህ ያጽናሽ ትልሻለች።

የእማዬ ስልክ እኔ ወገብ ላይ ነው፤ ቁጥሯንም አልዘጋሁትም። ልትረግሚኝም ቢሆን ደውይ።

ወንድምሽ ማሩ
ወልድያ፣ ጥር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.